ጥፍር፣ ዘይትና የፊት እግር

የሚያፈስ ፎርክ የመጣለት የቆየ መካኒክ መጀመሪያ የሚጠቀመው መሣሪያ መፍቻ አይደለም፤ የገዛ አውራ ጣቱ ጥፍር ነው። ከስኩተሩ የፊት ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ይልና የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በጨርቅ ጥርግ ያደርገዋል። ከዚያ ጥፍሩን ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ዙሪያውን ቀስ እያለ ያስኬደዋል። ጥፍሩ መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ወጪውም «ሲል» የሚባሉ ሁለት የጎማ ቀለበቶችና ጥቂት ዘይት። አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ሲሉን እኮ ከቀየርኩት ሁለት ወር አልሞላውም» ይላል ዕቃ በማድረስ የሚተዳደረው ልጅ፣ የራስ ቁሩን በብብቱ እንደያዘ።

«የተበላውን ነዋ የቀየርከው! የሚበላው እዚሁ አለ። ና እስቲ፣ ጣትህን አምጣ።»

ልጁ በተራው ይዳስሳል። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ዝገት ክሮሙን ሰርስራ ወጥታለች፤ ጠርዟ ስለታም ነው። ስኩተሩ ጉድጓድ ባገኘ፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ይህች ነጥብ በጎማው ቀለበት ከንፈር ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች። አዲሱን ሲል በሁለት ወር የጨረሰችው እሷ ናት፤ ዛሬም ሌላ አዲስ ቢገባላት ያንኑ ታደርገዋለች።

የትንሽ ስኩተር ፎርክ ጥገና ላይ ገንዘብ በከንቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው። የሚያፈሰው ይቀየራል፤ የሚያስፈስሰው ይተዋል። ዘይቱን ያየ ሰው ዓይኑ ዘይቱ ላይ ይቀራል፤ ዘይቱ ከየት እንደወጣ ያያል እንጂ ለምን እንደወጣ አይጠይቅም። ባለንብረቱም በተራው «መካኒኩ አታለለኝ» ብሎ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል፤ እዚያም ሦስተኛ ሲል ይገባለታል።

ዘይቱ ራሱ ውድ አይደለም። አደጋው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከተበላው ሲል የሾለከ ዘይት ቁልቁል ሲወርድ፣ ዲስክ ፍሬን ባለው ስኩተር ላይ ዲስኩን ያገኛል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ደግሞ ቢታጠብም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ መጣል ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የሚያፈሰው፣ ይቆይ» የሚባለው ነገር ስለ ፎርኩ ሲነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ፍሬኑ ግን አይደለም።

መካኒኩ ፎርክ፣ ብዙ አሽከርካሪ «የፊት ሾክ» የሚለው ይህ ዕቃ ሁለት የማይዋደዱ ሥራዎች ተሸክሟል። አንደኛ፣ የፊት ጎማውን ይዞ መሪው ወደ ዞረበት ማዞር አለበት፤ ለዚህ እንደ ምሰሶ ግትር መሆን ይጠበቅበታል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲነሳ መነሳት፣ ሲወርድ መውረድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ልፍስፍስ መሆን ይኖርበታል። ዛሬ በአብዛኞቹ ትንንሽ ስኩተሮች ላይ ያለው መፍትሔ ቱቦ በቱቦ ውስጥ ነው። ክሮም የተለበጠው የላይኛው ቱቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ታስሯል፤ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም የሚሠራው የታችኛው እጅጌ ጎማውን ይዞ በላይኛው ላይ ይንሸራተታል። በውስጣቸው ሞላ አለ፤ ሞላው በዘይት ተነክሯል።

ዘይቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የሐኪም ቤት ስሪንጅ ማሰብ ይበቃል። ውኃ የሞላበት ስሪንጅ ቀስ ብለው ሲገፉት ይታዘዛል፤ በድንገት ሲገፉት ግን ድርቅ ይላል፤ ውኃው በጠባቧ ቀዳዳ ለመሹለክ ጊዜ ይፈልጋልና። በፎርኩ ውስጥም ቀዳዳ ያለው ዘንግ ቆሟል። ሞላው ሲጨመቅና ሲለቀቅ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ እየተገፋ ያልፋል፤ በዚያ ግፊያ የጉድጓዱ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ሞላ ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም። የተቀበለውን ያስቀምጥና መልሶ ይሰጣል፤ ልጆች ባለሞላ ፍራሽ ላይ ሲዘሉ ውለው የማይሰለቻቸው በዚህ ነው። ዘይቱ ያለቀበት ስኩተርም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰግዳል፤ ጎማውም በነጠረ ቁጥር አስፋልቱን ይለቃል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም የለውም።

ሞላውና ዘይቱ አብረው የመጡ አይደሉም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ አንጋስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ ባቀረበው ሞተር ሳይክል ላይ ቱቦ በቱቦ የሚንሸራተት ፎርክ ነበረው፤ ነጠራውን የሚገታ ዘይት ግን አልነበረውም። በዘይት የሚገታ እንዲህ ያለ ፎርክ ይዞ መጀመሪያ ከፋብሪካ የወጣው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ነው፤ አር 12 በተባለው ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1935። በሁለቱ መካከል 27 ዓመት አለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ፣ ቢያንስ በርካሽ ስኩተሮች ላይ፣ ያን ያህል አይደለም። ዛሬ በየሰፈሩ የሚፈታው ፎርክ በመሠረቱ የ1935ቱ ነው።

ስኩተር ፎርኩን ከትልቅ ሞተር ሳይክል ይበልጥ የሚያደክመው በጎማው ትንሽነት ነው። ይህን በወረቀት ማየት ይቻላል። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ እንውሰድ፤ ከአንድ የሰው ጫማ ርዝመት እምብዛም አይበልጥም። ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ጎማ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ሆንዳ ሱፐር ካብ የሚሄድበት ዓይነት፣ የጉድጓዱን ሁለት ጠርዞች ነክቶ እስኪቆም ድረስ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል። ባለ 10 ኢንቹ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የድሮዎቹ ቬስፓዎች የነበራቸው ባለ 8 ኢንች ደግሞ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የጉድጓዱ ስፋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎማው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትንሹ ጎማ የወዲያኛውን ጠርዝ የሚመታው ቀና ብሎ ነው፤ ምቱ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገፋዋል። ፎርኩን የሚያጎብጠው ይህ የኋላ ግፊት ነው። ስለዚህ «ስኩተር ናት፣ ቀላል ናት፣ ምን ትሆናለች» የሚለው አስተሳሰብ ከሂሳቡ ጋር አይሄድም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ካብን ሲያወጣ የስኩተር ዓይነት የእግር መከላከያ ሰጥቶ ጎማውን ግን 17 ኢንች ያደረገው ያልተነጠፈ መንገድ አስቦ ነው፤ በ2017 የተመረተው ብዛት ከ100 ሚሊዮን አለፈ።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። የልጁ ስኩተር ፎርክ ሊወርድ ነው።

ስኩተሩ በመሐል መቆሚያው ይቆማል፤ የፊት ጎማው አየር ላይ እንዲሆን ከሆዱ ሥር ጣውላ ይገባል። ጎማው ይወጣል። የፍሬኑን ሸራዎች የያዘው ካሊፐር ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በራሱ ቱቦ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ካሊፐሩ በወረደበት ሰዓት የፍሬኑን እጀታ መጫንም አይገባም፤ ፒስተኖቹ ወጥተው ሸራዎቹ ይጋጠማሉ፤ መልሶ ማስገባቱ የማያስፈልግ ሥራ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ እጀታ መጨበጥ የሚወድ ተላላኪ ልጅ መቼም አይጠፋም።

በትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ላይ የፎርኩ ሁለት እግሮች በላይና በታች ማቀፊያ ታስረው እስከ መሪው ይወጣሉ። በብዙ ትንንሽ ስኩተሮች ግን ከጎማው በላይ ባለው አንድ ማቀፊያ ብቻ ተጨብጠው እዚያው ያበቃሉ። በየእግሩ ሁለት ብሎን ይላላል፤ እግሩም እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ አሠራር አንድ መልካም ዜና አለው። ስኩተር በጎኑ ወድቆ ሲነሳ መሪው ወደ ግራ፣ ጎማው ወደ ፊት ሲያይ ባለቤቱ «ፎርኩ ጎበጠ» ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን የጎበጠ ነገር የለም፤ እግሮቹ በማቀፊያው ውስጥ ተጠማዝዘው ነው። ብሎኖቹን አላልቶ፣ አስተካክሎ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል። አዲስ ፎርክ ከመግዛት በፊት ይህን ያላየ ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

የወረደው እግር አሁን ሞርሳ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል። ቀጣዩ ቅጽበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በርካታ ትንንሽ ስኩተሮች ላይ የቱቦው ክዳን በጥርስ የተጠመዘዘ አይደለም፤ ከሥሩ በተወጠረው ሞላ እየተገፋ በቀጭን የሽቦ ቀለበት ተይዟል። መካኒኩ ክዳኑን በብረት ዘንግ ወደ ታች ተጭኖ፣ ቀለበቱን በስል ካቻቢቴ ይፈለቅቅና ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ቀስ ብሎ ነው። ፊቱን ደግሞ ከቱቦው አፍ ዘወር ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የተጣደፈ ሰው ክዳኑን ጣሪያው ላይ ያገኘዋል፤ ዕድሉ ካልቀናም ግንባሩ ላይ።

ዘይቱ ጣሳ ውስጥ ይገለበጣል። አዲስ ሲገባ ቀይ ወይም ወርቃማ የነበረው አሁን የዝናብ ቀን ጭቃ መስሏል፤ የበሰበሰ ዓሣም ይሸታል። ግራጫው ቀለም ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፤ ከእጅጌው የተፋቀ አሉሚኒየም ነው። እንደ ወተት የገረጣ ቢሆን ኖሮ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነበር። መካኒኩ ጣሳውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ትንሽ ያየዋል፤ ሐኪም ሽንት እንደሚያይ።

እጅጌውን ከቱቦው የሚለየው ከሥር ያለው ብሎን ነው። ይህ ብሎን ብዙ ጀማሪ ያስለቅሳል፤ ሲፈቱት ውስጥ ያለው ዘንግ አብሮ ይሽከረከራልና ቀኑን ሙሉ ቢያዞሩት አይለቅም። ዘዴው ሞላውን መልሶ ከትቶ በኃይል መጫን ነው። ሞላው ዘንጉን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ብሎኑም ይለቃል። ወይም ደግሞ ፎርኩን ከማቀፊያው ከማውረድና ክዳኑን ከመክፈት በፊት፣ ሞላው እንደተወጠረ፣ ብሎኑን ማላላት። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት ያተርፋል።

ሲሉ ራሱ ሲወጣ የሚያሳዝን ነገር ነው። ጥቁር የጎማ ቀለበት፣ ጀርባው ላይ ሦስት ቁጥሮች ታትመውበታል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። 27፣ 39፣ 10.5 ሊል ይችላል፤ ይህ በትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የሚታይ ልክ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፎ መለዋወጫ ሱቅ የሄደ ሰው የስኩተሩን ስምና ዘመን ከመተረክ ይድናል። ከሱቁ መልስ የሚደረገው ደግሞ የእጅ ሙያ ነው። የአዲሱ ሲል ከንፈር በፎርክ ዘይት ይታሻል። የቱቦው ጫፍ ስለታም ስለሆነ ፌስታል ይለብሳል፤ ሲሉ በፌስታሉ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ፌስታሉ ከዚያ ይነቀላል። በመዶሻና በካቻቢቴ ዙሪያውን እየኳኳ የሚያስገባ ሰው ሲሉን ገና ሳይሠራ አበላሽቶታል። ልኩ የሆነ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ተገኝቶ፣ አሮጌው ሲል ከላይ ተደርቦ፣ እኩል እኩል ሲመታ ድምፁ ይለወጣል። ለስላሳ የነበረው «ጧ» ማለት ሲጀምር መቀመጫው ላይ ደርሷል። የሽቦ ቀለበቱ ከበላዩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቆልፈዋል።

ይህ ሁሉ ግን ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ነው። የልጁ ቱቦ ሁለት ምርመራ ቀርቶታል።

የመጀመሪያው ቀጥ ማለቱ ነው። ቱቦው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይተኛና በእጅ ይንከባለላል። ከሥሩ ብርሃን እየበራና እየጠፋ ከታየ ጎብጧል። መለኪያ ሰዓት ያለው ጋራዥ ይበልጥ ያረጋግጣል፤ ብዙ የአምራች መመሪያዎች የሚፈቅዱት መዛባት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል። ሁለተኛው ምርመራ የዝገቱ ቦታ ነው። ዝገቷ ሲሉ ከማይደርስበት ከላይኛው ክፍል ላይ ብትሆን ኖሮ ምንም አይደል። ሲሉ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ስለሆነች ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ጠርዟን በጣም ስስ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀዳዳዋን በጠንካራ ማጣበቂያ ሞልቶ ማሸት ጊዜ ይገዛል፤ ፈውስ አይደለም። ክሮሙን ገፍፎ እንደገና መለበጥና በልኩ መሞረድ ይቻላል፤ ለአሮጌና ውድ ሞተር ሳይክል ያዋጣል፤ ለትንሽ ስኩተር ብዙ ጊዜ አዲስ ቱቦ ይረክሳል። የልጁ ስኩተር አዲስ ቱቦ ያስፈልገዋል። ልጁ ሒሳቡን ሲሰማ ዝም ይላል፤ ከዚያ ባለፉት ወራት ለሲል የከፈለውን ይደምራል፤ እንደገና ዝም ይላል።

ዘይት ሲገባ የሚሠራው ስህተት ብዙውን ጊዜ ደግነት ነው፤ «ትንሽ ጨምርበት፣ ይጠንክር» ይባላል። በአንድ እግር የሚገባው ዘይት በትንሽ ስኩተር ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ከዘይቱ በላይ የሚቀረው አየር ራሱ እንደ ሞላ ያገለግላል፤ ፎርኩ ሲጨመቅ አየሩ ይታመቃል። ዘይት በበዛ ቁጥር የአየሩ ቦታ ይጠባል፤ ፎርኩ መጨረሻው ላይ ድንጋይ ይሆናል፤ ግፊቱም መውጫ ሲያጣ አዲሱን ሲል ገፍቶ ይወጣል። ሁለቱም እግሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ መጠኑም ከአምራቹ መመሪያ እንጂ ከልምድ አይቀዳም። የዘይቱ ቁጥርም ያሳስታል። ጣሳው ላይ «10» የሚለው በሁለት ኩባንያ ሁለት የተለያየ ውፍረት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን እግር በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው መሙላት አይገባም።

እስካሁን የተወራው ሁለት እግር ስላለው ፎርክ ነው። ስኩተርን ዓለም ያወቀበት ፎርክ ግን አንድ እግር ብቻ ነበረው፤ የሠራውም ሞተር ሳይክል የማይወድ ሰው ነው።

ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 በሮም አጠገብ የበረረ ሄሊኮፕተር ሠርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፒያጆ ኩባንያ ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጆ፣ በቦምብ የፈረሰውን የፖንቴዴራ ፋብሪካ ሥራ ለማስያዝ ርካሽ ማጓጓዣ ፈለገ። የመጀመሪያውን ሙከራ፣ ሠራተኞቹ በዶናልድ ዳክ የጣሊያንኛ ስም «ፓፔሪኖ» ያሉትን፣ አልወደደውምና ዳስካኒዮን ጠራው። ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል ላይ የሚጠላቸውን ቆጠረ፦ ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፣ አቀማመጡ አይመችም፣ ጎማ ሲፈነዳ ማውጣቱ መከራ ነው። ለመጨረሻው መልሱን ከአውሮፕላን አመጣ። የአውሮፕላን ማረፊያ ጎማ ከሁለት ወገን አይታቀፍም፤ በአንድ ጎን ከወረደ እግር ጫፍ ላይ ይሰካል። ዳስካኒዮም አንድ ወፍራም ቱቦ ከመሪው አውርዶ፣ በጎማው ጎን አሳልፎ፣ ጫፉ ላይ አጭር ክንድ ሰካበት፤ ጎማው በዚያ ክንድ ላይ ተሰቀለ። ጎማውን ለማውጣት እንደ መኪና ከጎን ጥቂት ዳዶ መፍታት ብቻ ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በፍሎረንስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 1946 ተመዘገበ። ወገቧ ቀጭን፣ ድምፅዋ ጥዝዝ የሚል ነበርና ቬስፓ፣ ማለትም ተርብ ተባለች። በመጀመሪያው ዓመት 2,484 ብቻ ተመረቱ፤ በአሥር ዓመት ገደማ ሚሊዮን ሞሉ።

ይህ አንድ እግር ግን የራሱ አመል አለው። በድሮዎቹ ቬስፓዎች ላይ የፊት ፍሬኑ ከጎማው ክንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ክንዱን አብሮ ይጎትተዋል፤ የስኩተሩ አፍንጫ ይደፋል። በድሮዎቹ ሱፐር ካቦች ላይ ክንዱ ወደ ፊት የሚዘረጋ በመሆኑ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ቀና ይላል፤ አዲስ ነጂ ፈረስ የተነሳበት ይመስለዋል። የቬስፓው ሕመምም ሌላ ነው። የሚፈስ ዘይት ከመፈለግ በፊት ክንዱ የተሰካበትን መገጣጠሚያ ማየት ይሻላል። በውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት ዘንጎች የተደረደሩበት ኩሽኔታ አለ፤ ቅባት ካላገኘ ይበላል፤ ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው ግራ ቀኝ ሲነቀንቁት ይላወሳል። ያ መላወስ መንገድ ላይ የመሪ መንቀጥቀጥ ይሆናል፤ ባለቤቱም ጎማ አስነፍቶ፣ ቸርኬ አስተካክሎ፣ ሁሉን ሞክሮ በመጨረሻ ወደ ክንዱ ይመጣል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ፎርክ ቬስፓ ባይነዳም ያውቀዋል። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 የቬስፓን ፊት ከጭነት ሳጥን ጋር አጋብቶ ባለሦስት እግር ሠራና አፔ፣ ማለትም ንብ አለው። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓንና ባለሦስት እግሯን አገሩ ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ ፈቃዱ ካበቃ በኋላ በ1972 የራሱን ስኩተር ቼታክ ብሎ አወጣ። ቼታክ የሕንዱ ንጉሥ የመሃራና ፕራታፕ ፈረስ ነው፤ አፈ ታሪኩ በ1576 ጦርነት አንድ እግሩ ቆስሎ በሦስቱ ጌታውን ከሜዳው አወጣ ይላል። በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ ሰዉ በጅምላ «ባጃጅ» የሚላት ባለሦስት እግር ፊቷ ዝቅ ተብሎ ቢታይ፣ ጎማዋን በአንድ ጎን የያዘው እግር የዳስካኒዮ ነው። የሚጠግናት መካኒክ አፍም ሳያውቀው ወደ ዳስካኒዮ አገር ይመለሳል፤ ጎማ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራፋንጎ፣ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው።

በዚህ ዓይነት ፎርክ ላይ የመጠገንና የመቀየር ጥያቄ ይከብዳል፤ አንዱ ቱቦ መሪም፣ እግርም፣ ማቀፊያም ነውና። ፊት ለፊት የተጋጨ ቬስፓ ጎማው ወደ እግር መከላከያው ይጠጋል፤ ክፍተቱን ከጤነኛ ስኩተር ጋር ማስተያየት ይበቃል። የጎበጠን ቱቦ በጄክ መግፋት ቀጥ ያደርገዋል፤ ብረቱ ግን የታጠፈበትን ቦታ ይዞ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጉድጓድ የሚታጠፈው እዚያው ነው። ብየዳ የባሰ ነው። በአገራችን ጋራዦች የማይበየድ ነገር የለም፤ የጭስ ማውጫም፣ መቆሚያም፣ ወንበርም ተበይዶ ዓመታት ይሠራል። የፎርክ እግር ግን ከዚህ ዝርዝር መውጣት አለበት፤ ሲሰበር ቀስ ብሎ አይሰበርም፤ የሚሰበረውም ከነጂው ፊት ነው።

አዲስ ፎርክ ለመክተት መሪው ይነሳል፣ የላይኛው ቀለበት ይፈታል፣ ፎርኩም ወደ ታች ይወርዳል። ከመሬት ላይ ጨርቅ ያላነጠፈ ሰው እዚህ ላይ ያስታውሰዋል፤ ትንንሽ የኩሽኔታ ኳሶች እንደ አተር ይበተናሉ፤ አንዷ ሁልጊዜ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። ኳሶቹ የተኙበትን ጎድጓዳ ቀለበት ማየት ግዴታ ነው፤ በፎርክ የሚሳበበው ብዙ ጥፋት የእርሱ ነው። ስኩተር ዘመኑን ሁሉ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኳሶቹ አንድ ቦታ ላይ ሲደበደቡ ኖረው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጎማው አየር ላይ ሆኖ መሪው በአንድ ጣት ሲዞር መሐል ላይ «ቀጭ» ብሎ ከተቀመጠ ቀለበቱ ተበልቷል። ፍሬን ሲያዝ ከፊት «ኳ» የሚለውም ብዙ ጊዜ የላላ የመሪ ኩሽኔታ ነው። ለመለየት የፎርኩን እግሮች ከታች ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ፣ በሌላ ሰው ጣት ደግሞ መሪው ከሰውነቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መዳበስ ነው። ንቅናቄው እዚያ ከተሰማ ፎርኩ ንጹሕ ነው።

የልጁ ስኩተር ማምሻውን ይገጣጠማል። የጎማው ዘንግ ይጠብቃል፤ ዘንጉን እግሩ ላይ የሚጨብጠው ብሎን ግን ገና ላላ እንዳለ መካኒኩ ፍሬኑን ይዞ ፊቱን ሦስት አራት ጊዜ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ሁለቱ እግሮች ተግባብተው ትይዩ እንዲቆሙ ነው። ካልተደረገ አንዱ እግር ሌላውን ያንቀዋል፤ አዲስ ዕቃ እያለ ፎርኩ ይደርቃል። ከዚያ ሁሉም ይጠብቃል። በመጨረሻ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ያወጣና በአዲሱ ክሮም ቱቦ ላይ፣ ከአቧራ መከላከያው ራስ ላይ፣ ሳያጠብቅ ያስረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ነገ ስትመጣ ታየዋለህ። በዚያ በተቆፈረው መንገድ ሂድበት።»

በማግስቱ ማሰሪያው ከነበረበት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተገፍቷል፤ መጨረሻው ድረስ ግን አልደረሰም። ከሥሩ ያለው ክሮም ደረቅ ነው። መካኒኩ አሁንም ጥፍሩን ያስኬድበታል።

«ዘንድሮ አትምጣብኝ» ይለዋል።